ስድስት ሲኒ ከነምርቃቱ

እሷ፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው። ባንኮክ ስላሳለፍናት ቅዳሜ።

እሱ፦ እኔ ስለ ማታው ነው የማወራው። ገበያውን እሷ ትንገራችሁ፤ እኔ እዚያ ተሸካሚ ነበርኩ።

እሷ፦ ተሸካሚ? ዋጋ ሲያበላሽብኝ የዋለውስ ማን ነው?

እሱ፦ (ሳቅ) እሺ፣ ቀጥዪ።

እሷ፦ ገበያው ቻቱቻክ ይባላል። ዋናዎቹ የገበያ ቀናት ቅዳሜና እሁድ ናቸው። ከ15,000 በላይ መደብ አለው ይባላል፤ 27 ክፍል ነው። እንደ መርካቶ ተራ ተራ አለው በሉት። ልብስ ለብቻ፣ ሸክላ ለብቻ፣ አበባ ለብቻ። መሃል ላይ የሰዓት ማማ አለ። «ከተጠፋፋን እዚያ እንገናኝ» ተባባልን። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ሰውዬው የለም።

እሱ፦ አልጠፋሁም እኮ። የኮኮናት አይስክሬም እየበላሁ ነበር። በኮኮናቱ ቅርፊት ነው የሚሰጡህ፣ ኦቾሎኒ ነስንሰውበት። ያ ሙቀት ደግሞ! እንኳን እኔ ማማውም ይቀልጣል።

እሷ፦ ከአዲስ አበባ ስንሄድ አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ ነበረች። ልብስ ከባንኮክ ታመጣለች። «አንድ ዕቃ ይዘሽ አትከራከሪ፣ ብዙ አንሺና ያኔ ተነጋገሪ» አለችኝ። ይቺን ምክር ይዤ ነው የገባሁት።

እሱ፦ እና ሲኒዎቹን አየች። አለቀልኝ!

እሷ፦ ሴላዶን ይሉታል። ፈዛዛ አረንጓዴ ሸክላ ነው፤ ላዩ ላይ ስንጥቅጥቅ ያለ መስመር አለው። ለሻይ የሠሯቸው ናቸው፣ እጀታ የላቸውም። የኛ ሲኒ ቁርጥ! ሻጯን «ታኦ ራይ ካ?» አልኳት፤ ስንት ነው ማለት ነው። ካልኩሌተሯ ላይ 900 ጻፈች፣ በባት፣ በነሱ ገንዘብ፣ ለስድስቱ። እኔ 400 ጻፍኩ። 800 አለች።

እሱ፦ እኔ ታዲያ የመርካቶዬን አመጣሁ። አንዱን ሲኒ አነሳሁና «ይሄማ ተሰንጥቋል» ብዬ ፊቴን አጨማደድኩ።

እሷ፦ ጌጡን እኮ ነው ስንጥቅ ያለው! ሴትየዋ ካልኩሌተሯን አጠፋችና ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመረች። እኛ ጋ ዕቃ ማጣጣል የጨዋታው አካል ነው። ሻጩም ይቆጣል፣ አንተም ትቆጣለህ፣ በመጨረሻ ተሳስቃችሁ ትለያያላችሁ። እዚያ ከተቆጣህ አበቃ። ሳቅ እያልክ ነው የምትከራከረው።

እሱ፦ ማን አስታረቀሽ ታዲያ?

እሷ፦ (ሳቅ) ይንገራችሁ፣ ይንገራችሁ።

እሱ፦ ታይ ቋንቋ ሲናገሩ ለአክብሮት ሴት መጨረሻ ላይ «ካ» ትላለች፣ ወንድ «ክራፕ» ይላል። እኔ የተማርኩት ከሷ ነው። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ «ካ»፣ «ካ» ስል ነው የዋልኩት። ሴትየዋን ይቅርታ ለመጠየቅ ስሞክር ጎረቤቶቿ ሁሉ ወጥተው ሳቁብኝ። ካልኩሌተሩ ተመለሰ። 600!

እሷ፦ 600 ያልኳት እኔ ነኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ሰባተኛዋን ትንሽ ሲኒ ምርቃት ያደረገችልኝ በሱ ስቃ ነው። ገንዘቡን ስትቀበል ደግሞ በብሩ ዕቃዎቿን ነካ ነካ አደረገች። የቀኑ የመጀመሪያ ሽያጭ ሲሆን ለገድ እንዲያ ያደርጋሉ። «አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ» የሚለው የኛ ነጋዴ ትዝ አለኝ፤ እኛ ጋ ግን ከሰዓትም ይሉሃል።

እሱ፦ የክርክሩ ነገር ደም ስሬ ውስጥ ገባ። ሰቨን ኢለቨን የሚባል ባለ ቁርጥ ዋጋ ሱቅ ገብቼ የውሃ ዋጋ ቀንሱልኝ አልኩ።

እሷ፦ በ«ካ» ነው ደግሞ!

እሱ፦ በቃ ወደ ማታው እንሂድ። ራጃዳምነርን ስታዲየም፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የተከፈተ የሙዋይ ታይ፣ የታይላንድ ቡጢ፣ ቤት ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ደረስን። ታዮች ራሳቸው በድሮው አቆጣጠር ይህን ሰዓት የማታ አንድ ነው የሚሉት፣ እንደኛው። ለዚህ ብቻ ወደድኳቸው።

እሷ፦ እኔ ቡጢ አልወድም። ሙዚቃው ነው የያዘኝ። በቀጥታ ነው የሚጫወቱት፤ እንደ ጥሩምባ ያለ ነገር ይነፋሉ፣ ሁለት ከበሮ አለ፣ ጣት የምታክል ጸናጽል አለች። መጀመሪያ ተጋጣሚዎቹ በዝግታ ሪንጉን ይዞራሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ይጨፍራሉ። አስተማሪያቸውን ማክበሪያ ነው። ያኔ ሙዚቃውም ዝግ ያለ ነው። ግጥሚያው ሲግል እሱም ይፈጥናል።

እሱ፦ ክርንም ጉልበትም ይፈቀዳል። ያየነው ግጥሚያ አምስት ዙር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ግን እየተጠናኑ ነበር፣ እኔ «ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ጉልበት በገባ ቁጥር ቤቱ በሙሉ «ኦይ!» ይላል። አራተኛው ላይ እሷም «ኦይ!»

እሷ፦ አላልኩም።

እሱ፦ ቀድቼዋለሁ። ግን ከሪንጉ ይልቅ ላይኛው መቀመጫ ላይ ያሉትን እይ። ቁማርተኞቹ! ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እየጮሁ፣ በስንት ለስንት እንወራረድ ይባባላሉ። አንዱ ጣቱን ያጥፋል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል።

እሷ፦ የጠዋቱ ገበያ እዚያ ላይ ቀጠለ በለው። ካልኩሌተር ብቻ ነው የጎደለው።

እሱ፦ ምሥራቁ አገራችን ባቢሌ ግመል ገበያ ላይ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋጋ በጣት የሚነጋገሩት ትዝ አለኝ። እዚያ ሌላ ሰው እንዳያይ ይሸፍኑታል፤ እዚህ ለአዳራሹ በሙሉ ያሳያሉ።

እሷ፦ ስንወጣ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ ሹፌር፣ ቱክ ቱክ የሚሉት፣ የነገረን ዋጋ! ሦስት እጥፍ።

እሱ፦ ተከራከርን?

እሷ፦ ደክሞን ነበር። ከፈልን።

እሱ፦ ሲኒዎቹ ግን ሳይሰበሩ ገቡ። አሁንም በነሱ ነው ቡና የምንጠጣው። ሰባተኛዋ ግን የኔ ናት፣ በ«ካ» ያገኘኋት።

እሷ፦ የቤቱ ናት።

እሱ፦ እሺ፣ ስንት ትያለሽ?

እሷ፦ የሳምንት ዕቃ ማጠብ።

እሱ፦ ሦስት ቀን።

እሷ፦ ካልኩሌተሩን አምጣው።