ላፕቶፕ ከመሸጡ በፊት ዲስኩን በትክክል ማጽዳት

[ምስል፦ ስታዲየም አካባቢ፤ ያገለገሉ ላፕቶፖች የተደረደሩበት የሱቅ መስኮት]

ያገለገለ ላፕቶፑን ለመሸጥ በስታዲየም ወይም በሜክሲኮ ዙሪያ ወዳሉ ሱቆች ይዞ የሚሄድ ሰው ስለ ዋጋው እንጂ በውስጡ ስላለው ዲስክ እምብዛም አይጨነቅም። ዲስኩ ግን የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ሰነድ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የያዘ ነው፤ ባለቤቱ «ፎርማት ተደርጓል» ብሎ ሲያስረክብም ይህ ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ኮምፒውተር አንድን ፋይል ሲሰርዝ በአብዛኛው የሚነካው ፋይሉ የት እንደተቀመጠ የሚያመለክተውን መዝገብ ብቻ ስለሆነ፣ ማውጫው ተቀዶ ገጾቹ እንደቀሩለት መጽሐፍ፣ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ሊቆይ ይችላል። ፈጣኑ ፎርማትም አዲስ ባዶ መዝገብ ከማስቀመጥ ብዙም አያልፍም። እንደ ፎቶሬክ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች የተሰረዙ ፎቶግራፎችን መልሰው የሚያወጡት ከዚሁ ቅሪት ነው።

[ምስል፦ ክዳኑ የተከፈተ ሃርድ ዲስክ]

ዲስኩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ መፍትሔው ከዳር እስከ ዳር በዜሮ መሸፈን ነው። ዲስክፓርት በተባለው የዊንዶውስ የዲስክ ማስተዳደሪያ ውስጥ ያለው «ክሊን ኦል» የተባለው ትእዛዝ ይህንን ይሠራል፤ ሆኖም ማረጋገጫ ሳይጠይቅ ወደ ሥራ ስለሚገባ፣ የተመረጠው ዲስክ ትክክለኛው መሆኑን ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። 1 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍበት ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በመሐል መብራት ከጠፋም ሥራው እንደ አዲስ መጀመር አለበት። ዲስክ ላይ 35 ጊዜ መጻፍ አለበት የሚለው እምነት የመነጨው የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪው ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተሙት ጥናት ነው፤ ራሳቸው ጉትማን ግን ይህ ለዘመናዊ ዲስክ እንደማያስፈልግ ኋላ ላይ ጽፈዋል። አንድ የተሟላ ዙር ይበቃል።

[ምስል፦ ኤስኤስዲ፤ ቺፖቹ በቅርበት]

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል ሳይኖረው መረጃን በቺፖች ላይ በሚያስቀምጥ ዲስክ፣ ላይ ነው። ቺፖቹ በተደጋጋሚ ሲጻፍባቸው ስለሚያረጁ፣ የዲስኩ መቆጣጠሪያ መረጃውን በየቦታው እያፈራረቀ ያስቀምጣል፤ ከኮምፒውተሩ የተሰወረ መጠባበቂያ ቦታም ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ፋይል ላይ ዜሮ ስንጽፍ ዜሮው ሌላ ቦታ አርፎ አሮጌው ቅጂ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቺፖቹን በቀጥታ ሲያነቡ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ እንዲያውም አንዱ ዲስክ ራሱን እንዳጸዳ ቢያስታውቅም መረጃው በውስጡ ተገኝቷል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ መሥራት ከሁሉ የተሻለ ነው። ላፕቶፑ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ መረጃውን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ የሚያደርግ፣ እንደ ዊንዶውሱ ቢትሎከር ያለ ምስጠራ ይብራ፤ በሽያጭ ጊዜ ደግሞ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም ላፕቶፑ ሲነሣ በሚከፈተው የባዮስ ማስተካከያ በኩል የዲስኩ የራሱ የማጽጃ ትእዛዝ ይሰጥ። የምስጠራው ቁልፍ አንዴ ከጠፋ፣ በተሰወረው ቦታ የቀረው ቁርጥራጭ ቢገኝ እንኳ አይነበብም። ዲስክን በማግኔት ማጥፋት ኤስኤስዲ ላይ አይሠራም፤ ተበላሽቶ ትእዛዝ የማይቀበል ከሆነም እያንዳንዱ ቺፕ መሰባበር አለበት።

አሮጌ ዕቃ በጨረታ የሚያስወግዱ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት ከዚህ ይከብዳል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሌሎችን ሰዎች መረጃ የያዘ ተቋም እንዲጠብቀው ያስገድዳልና። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኮፒ ማሽኑ ነው። በርካታ ትላልቅ ዲጂታል ኮፒ ማሽኖች በውስጣቸው ሃርድ ዲስክ ስላላቸው፣ የተባዛው ሰነድ ምስል እዚያ ሊቀመጥ ይችላል፤ በአራት ኪሎ ዙሪያ ያሉ ኮፒ ቤቶችም ማሽን ሲለውጡ ይህንን ቢያስቡበት የብዙ ተማሪዎችን ሰነድ ይጠብቃሉ።

[ምስል፦ ፎቶሬክ ዲስክ ሲፈትሽ]

ጽዳቱ ሲያበቃ፣ ዲስኩን ከማስረከብዎ በፊት በፎቶሬክ ይፈትሹት፤ አንድ ፋይል እንኳ ካወጣ ሥራው አላለቀም። ይህ ፍተሻ የኤስኤስዲን ስውር ቦታ ስለማያይ ግን የምስጠራውን ሥራ አይተካም።