የልጅዎ የክትባት ካርድ የት ነው ያለው? ከልደት እስከ እርጅና

ሰላም ሰላም፣ የቻናላችን ቤተሰቦች! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ከጅማ ነኝ። ከጀርባ የሚሰማችሁ ድምፅ የቆርቆሮው ነው፤ ዝናቡ ለቀቅ አላደረገንም።

የዛሬው ርዕሳችን ክትባት ነው። ግን የምጀምረው በቡና ነው። ጅማ ተቀምጬ በምን ልጀምር?

አጎቴ አጋሮ አካባቢ ቡና አላቸው። ችግኙን ራሳቸው ናቸው የሚያፈሉት። መደቡ ላይ ዳስ ይሠሩና ከላይ ሳር ያለብሱታል። ለጋዋን ችግኝ ፀሐይ በቀጥታ ካገኛት ትጠወልጋለች። ጥላ ያስፈልጋታል። ግን ጥላው እስከ መጨረሻው እንዳለ አይቆይም። የመትከያው ጊዜ ሲቃረብ አጎቴ ከሳሩ እየቀነሱ ያነሳሉ። ዛሬ ትንሽ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ትንሽ። ልጅ ሆኜ "ለምን አንዴ አያነሱትም?" ስላቸው፣ ቅጠሏን በሁለት ጣታቸው ይዘው "ፀሐይን ትልመድ እንጂ" ይሉኝ ነበር።

ፀሐይን ትልመድ። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ሕፃንም የሚወለደው ጥላ ይዞ ነው። ጥላው የእናቱ ነው። በእርግዝና ጊዜ እናት የራሷን የመከላከል አቅም በእንግዴ ልጁ በኩል ታሳልፍለታለች። ግን ይሄ ጥላ ወር በገፋ ቁጥር ይሳሳል። እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ክትባት ማለት ጥላው ሳያልቅ ልጁ ፀሐዩን እንዲለምድ ማድረግ ነው።

"የኩፍኝ ክትባት ለምን እስከ 9 ወር ይጠበቃል?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። መልሱ እዚሁ ጥላው ላይ ነው። ጥላው ገና ወፍራም ከሆነ ክትባቱንም ይጋርደዋል፤ የልጁ ሰውነት አይማርም። በጣም ከዘገየ ደግሞ ኩፍኙ ቀድሞ ይደርሳል። 9 ወር መሀል ላይ ያለች ሰዓት ናት። እንዲያም ሆኖ በ9 ወር ከሚከተቡ 100 ልጆች የሚይዝላቸው 85 ያህሉ ናቸው። ለዚህ ነው 15 ወር ላይ ሁለተኛው የሚሰጠው። አገራችን ይሄን ሁለተኛውን የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በ9 ወር ጨርሰናል ብላችሁ ካርዱን ሳጥን ውስጥ የከተታችሁ፣ አልጨረሳችሁም።

ሌላውን ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ ቶሎ ልበለው። እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክንዱ ላይ፣ የፖሊዮ ጠብታ በአፉ። ከዚያ የ45 ቀን ክትባት። ቀጥሎ ሁለት ወር ተኩል። ቀጥሎ ሦስት ወር ተኩል። በእነዚህ ሦስቱ አምስት በአንድ የምንለው አለ፤ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢንና አንድ የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያን ይከላከላል። አብሮት ሌላ የሳንባ ምች መከላከያና የፖሊዮ ጠብታ አለ። የሮታ ተቅማጥ መከላከያው ግን በአፍ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስት ወር ተኩሉ ላይ የፖሊዮ መርፌ ይጨመራል። ከዚያ 9 ወር፣ ከዚያ 15 ወር። አለቀ።

አሁን አንድ ኮሜንት ላንብብላችሁ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ ይሄንኑ ነው የጻፋችሁት። "ቀጠሮው አልፎብኛል፣ ከመጀመሪያ ይጀመርበታል ብዬ ቀረሁ።"

አይጀመርም! ደግሜ ልበለው፣ ከመጀመሪያ አይጀመርም። ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ሁለተኛውን ወስዶ ከቀረ ቀጣዩ ሦስተኛው ነው። የተሰጠው አይሰረዝም። እንደ ሮታ ያሉ የዕድሜ ገደብ ያላቸው አሉ፤ እሱን ባለሙያዋ ታያለች። የእናንተ ሥራ መሄድ ነው።

ይሄ ነገር የሚያንገበግበኝ በቤታችን ስለደረሰ ነው። የወንድሜ ሚስት ለቅሶ ብላ ገጠር ወርዳ የሦስት ወር ተኩሉ አለፋት። ስትመለስ ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ፣ ልጁን አዝላ ሄደች። እዚያ ያገኘቻት ሠራተኛ በሰው ፊት ጮኸችባት። ካርዱን ሳትገልጠው ወደ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ወራት አለፉ። ልጁን ያስቀረው ለቅሶው አይደለም፣ ቁጣው ነው። ኋላ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ "አምጪው እስቲ፣ የኔ እህት" አለቻትና ካርዱን ዘረጋች። በጣቷ መስመሩን ተከትላ "እዚህ ጋ ነው ያቆምነው" አለች። በቃ፣ ይሄው ነበር።

ጤና ኬላ የምትሠሩ ካላችሁ፣ በናታችሁ፣ ዘግይታ የመጣችን እናት አትቆጡ። መጥታለች እኮ!

ጉንፋን ያዘው፣ ትንሽ አስሎታል ብላችሁም አትቅሩ። ቀላል ጉንፋን ክትባት አያስቀርም። ካርዱ ከጠፋም ሂዱ፤ የተከተበበት ቦታ መዝገብ አለ።

ወደ አዋቂዎቹ እንምጣ። ለልጃገረዶች የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር መከላከያው አለ፤ እሱም በ2011 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፣ በ14 ዓመቶቹ። መካን ያደርጋል የሚባለው ውሸት ነው። የሚከላከለው ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ አምስት ጊዜ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ስትወስደው ለሚወለደውም ይተርፋል፤ እትብቱ በሚቆረጥበት ሰዓት ጥላው ወፍሮ ይጠብቀዋል።

አረጋውያኑስ? እዚህ ላይ ካርዱ ባዶ ነው። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ክትባቱ ሲጀመር፣ ቅድሚያ ካገኙት መካከል አረጋውያን ነበሩ። በመደበኛው መርሐ ግብር ግን ለእነሱ የተመደበ መስመር የለም። ሌላ አገር ለአረጋውያን የኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ይሰጣል፣ የሳንባ ምችም አለ። ሰውነት ሲያረጅ መከላከያውም አብሮ ያረጃልና። እኔ ለእናቴ ዕድሜ ሰዎችም አንድ መስመር እንዲኖር እመኛለሁ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ጤና ኬላው ፍሪጅ ጋ እንሄዳለን። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሀል ነው የሚቀመጠው፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እስከዚያ የልጃችሁን ካርድ ከሳጥኑ አውጡና የ15 ወሯ ቦታ መሞላቷን እዩልኝ።