የቆመው የቱ ነው?

እንደምን አመሻችሁ!

ሐዋሳ ልትሄዱ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣችኋል እንበል። መስኮት ዳር ናችሁ። ጎናችሁ ሌላ አውቶቡስ ቆሟል። ድንገት የእናንተው ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ልባችሁ ድንግጥ ይላል፣ እግራችሁ የሌለ ፍሬን ይፈልጋል፣ «ኧረ ሹፌሩ የት ሄደ!» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ... ለካ የሄደው የጎረቤቱ አውቶቡስ ነው። እናንተ ንቅንቅ አላላችሁም።

ይሄ ያልደረሰበት ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስቀን እናልፈዋለን። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት እዚያች ሁለት ሰከንድ ላይ ላቆማችሁ ነው። ሬላቲቪቲ ወይም አንጻራዊነት የሚባለው የፊዚክስ ሐሳብ የሚጀምረው ከእሷ ነው። ዓይናችሁ እኮ አልዋሸም። ያየው በሁለቱ አውቶቡሶች መሀል ያለው ርቀት ሲለወጥ ብቻ ነው። የትኛው እንደሄደ ለመለየት ሦስተኛ ነገር አስፈለጋችሁ፤ መሬቱን፣ አጥሩን፣ ቆሎ የሚሸጠውን ልጅ።

እሺ፣ መሬቱስ ቆሟል? አሁን እዚህ ቁጭ ብላችሁ ከምድር ጋር በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተሽከረከራችሁ ነው። ምድርም ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ሻያችሁ ግን አልተደፋም። አውሮፕላን ላይም ያው ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረራችሁ አስተናጋጇ ቡና ስትቀዳ ቡናው ቀጥ ብሎ ስኒው ውስጥ ይወርዳል። ጋሊልዮ ይህንን በ1632 ጽፎታል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ)። መስኮት በሌለው የመርከብ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁና መርከቡ ሳይንገጫገጭ በእኩል ፍጥነት ከሄደ፣ መሄዱን በምንም ሙከራ ልታውቁ አትችሉም።

እስካሁን ምንም አይከብድም። የሚከብደው ብርሃን ሲመጣ ነው።

አውቶቡሱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ እናንተ ውስጡ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ብትራመዱ፣ መንገድ ዳር ለቆመ እረኛ ፍጥነታችሁ 65 ነው። ደምሮ ጨረሰ። የአውቶቡሱ የፊት መብራት ግን ይህን ሒሳብ እምቢ ይላል። ብርሃኑ ለሹፌሩም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለእረኛውም ያው 300,000። የአውቶቡሱ 60 የትም አልተጨመረም። ማይክልሰንና ሞርሊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1887 የምድርን ጉዞ በብርሃን ፍጥነት ላይ ሊያዩት ፈልገው ምንም አላገኙም። በ1905 ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ፣ ፓተንት ቢሮ (የፈጠራ ሥራዎች የባለቤትነት መብት የሚመዘገብበት) ውስጥ የሚሠራ የ26 ዓመት ወጣት ነገሩን እንዳለ ተቀበለው። አንስታይን ነው።

መቀበሉ ምን ያስከትላል? አውቶቡሱ ውስጥ ብርቱካን ወደ ላይ ወርውራችሁ ቅለቡ። ለእናንተ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወረደ። ለእረኛው ግን ብርቱካኑ ወደ ፊትም እየሄደ ስለሆነ መንገዱ የተንጋደደና ረዘም ያለ ነው። ችግር የለም፤ ለእሱ ብርቱካኑ ፈጠን ብሎ ስለሚታየው በእኩል ጊዜ ይደርሳል። አሁን ብርቱካኑን በብርሃን ተኩት። ወለሉ ላይ መስታወት፣ ጣሪያው ላይ መስታወት፣ ብርሃኑ በመሀላቸው ይመላለሳል። ለእረኛው አሁንም መንገዱ ረዝሟል፣ ብርሃን ግን ከፍጥነቱ ፍንክች አይልም። ረጅም መንገድ በዚያው ፍጥነት ሲሄዱት ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ይወስዳል! እረኛው ሲያየው አውቶቡሱ ውስጥ ጊዜው ራሱ ዘገም ብሏል። በአውቶቡስ ፍጥነት ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ግን አለ።

ስለዚህ በአንስታይን ስም እየማለ «ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ (እኔ ብድር መመለስ ሲያቅተው የሚጠቅሳት ጓደኛ አለኝ) ነገሩን ገልብጦታል። ሬላቲቪቲ የተሠራው ለማንም በማይለወጥ አንድ ነገር ላይ ነው። ብርሃኑ አልበገር ስላለ ነው ጊዜና ርቀት የተበገሩት።

«ታዲያ ለእኔ ምኔ ነው?» ለምትሉ፣ ስልካችሁን አውጡ። ያላችሁበትን ቦታ ለስልካችሁ የሚያሳውቁት የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ስለሚሮጡ ሰዓታቸው በቀን 7 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይዘገያል። ከምድር ስበት ስለራቁ ደግሞ 45 ይቀድማል። ስበትም ጊዜን ይይዛላ፤ ይሄኛው የ1915ቱ የአንስታይን ሥራ ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ 38 ይቀድማል። ብርሃን በዚያች ቅጽበት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ፣ መሐንዲሶቹ ሳተላይቱ ሳይወነጨፍ ሰዓቱን ሆን ብለው ዘገም እንዲል ያደርጉታል። ባያደርጉት፣ ቦሌ ቆማችሁ የጠራችሁት ታክሲ ሹፌር የት እንደሚፈልጋችሁ አስቡት።

በዚሁ ስሌት አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች፣ ከባሕር ወለል በታች ዳሎል ላይ ካለ ሰው በዓመት 8 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ቀድመን እናረጃለን። ለአየሩ የምንከፍለው ነው እንግዲህ።

የመጨረሻዋን ደግሞ ቤታችሁ ድረስ ይዛችኋት ትሄዳላችሁ። ወርቅ ለምን ቢጫ ሆነ? የወርቅ አቶም አስኳል ከባድ ነው፤ ከአጠገቡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ግማሽ ፍጥነት በላይ ይሮጣሉ። በዚያ ፍጥነት የሬላቲቪቲ ሕግ የአቶሙን አሠራር ስለሚለውጠው ወርቁ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፣ ቢጫው ይመለሳል። ይህ ባይኖር ወርቅ መልኩ ብር ይመስል ነበር። እዚህ መብራቱ ጥሩ ስለሆነ የወርቅ ቀለበት ያላችሁ ብር ካደረገ ሰው አጠገብ ተጠጉና አስተያዩት። እኔም እስከዚያ ውሃ ልጠጣ፣ ከዚያ ወደ ጥያቄያችሁ እንሄዳለን።