የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ «ይህን ቁጥር ማን ነገረህ?»

ከጅማና ከአካባቢዋ የደወሉ አድማጮቻችን ሊጀምሩት ያሰቡት ሥራ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። መልሱን የሰጡት ለብዙ ዓመታት የሰው የንግድ ዕቅድ ሲመረምሩ የኖሩት የሂሳብ አማካሪያችን ናቸው።

ከመንደራ፦ አሁን በጅማ የሚያዋጣው ሥራ የትኛው ነው?

በየሳምንቱ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው አላጣሁም። ባውቀው ኖሮ እናንተ ስትደውሉ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ገንዘብ እቆጥር ነበር። የሚቀጥለው ይግባ።

ከአጂፕ፦ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አጠገብ ካፌ ልከፍት ነው። በቀን 300 ማኪያቶ የምሸጥ ይመስለኛል። አያዋጣም?

300 የሚለውን ቁጥር ማን ነገረህ? ጓደኛህ ከሆነ፣ ኪራዩን የሚከፍለው እሱ አይደለም። ደብተር ይዘህ እዚያው ሰፈር ካለ ካፌ ፊት ለፊት አንድ ሳምንት ተቀመጥና የሚገባውን ሰው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቁጠር። ዝናብ የሚጥልበትን ቀን እንዳትዘልል፤ በጅማ ዝናብ የሌለበት ስሌት ግማሽ ስሌት ነው።

ከዚያ ወጪህን ጻፍ። ለምሳሌ ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና የአንተ ደመወዝ በወር 36,000 ብር ቢደርስ፣ ከአንድ ማኪያቶ ደግሞ የወተቱ፣ የቡናውና የስኳሩ ዋጋ ተነሥቶ 18 ብር ቢተርፍህ፣ የመጀመሪያዎቹ 2,000 ስኒዎች ያንተ አይደሉም። በቀን 67 ገደማ ማለት ነው። ትርፍህ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ላይ አብዛኛው ተማሪ ወደ አገሩ ሲሄድ 67ቱን ከየት ታመጣለህ? አከራይህ እንደሆነ ለዕረፍት አይሄድም። የወሩን ሽያጭ በ12 አታባዛ፤ የየወሩን ለየብቻው ጻፍ።

የአንተ ደመወዝ ያልሁትን ልብ በል። ራሱን በነጻ አሠርቶ «አተረፍሁ» የሚል ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል።

ከሂርማታ፦ ለትንሽ የሸቀጥ ሱቅም ጥናት ያስፈልጋል?

አዎ፤ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ግን በራስሽ እጅ የተጻፈ ይሁን።

ከሰጦ ሰመሮ የደወሉ እናት፦ ልጄ በላከልኝ ገንዘብ 500 እንቁላል ጣይ ዶሮ ላረባ ነው። ገንዘቡ ለዶሮዎቹና ለቤቱ ይበቃኛል። ልጀምር?

እናቴ፣ ዶሮዎቹ ምን ይበላሉ? አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትፈልጋለች። 500ው በቀን 60 ኪሎ፣ በወር 18 ኩንታል ይጨርሳሉ። የአንድ ቀን ጫጩት ከገዙ ደግሞ እንቁላል የሚያዩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ጫጩት ሳሉ መኖው ያንስ ይሆናል እንጂ እስከዚያ ድረስ የሚበሉት ከእርስዎ ኪስ ነው። ገንዘቡን በሙሉ ለቤቱና ለዶሮው አውጥተው መኖ መግዣ የሚያጡ ስንቱን አይቻለሁ። ሥራ ማስኬጃ የሌለው ሥራ ነዳጅ የሌለው መኪና ነው፤ ይህን ሁልጊዜ እላለሁ፣ ሁልጊዜም እላለሁ።

ገበያውን የጅማ ሰው ሆነው ይዩት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የሚጾመው የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ቤት እንቁላል አይገዛም፤ የሙስሊሙ ጎረቤትዎ ይገዛል። የሌላ ከተማ ሰው የነገረዎትን የሽያጭ ቁጥር አይመኑ። በ50 ይጀምሩ፤ ከዚያ በፊት የእንስሳት ሐኪም ስለ ክትባቱ ያነጋግሩ።

ከአጋሮ፦ የእሸት ቡና መፈልፈያ ልተክል ነው። ለባንክ የሚሆን የአዋጭነት ጥናት ገዝቻለሁ፤ መያዣው የእናቴ ቤት ነው። ባንኩ የሚፈልገው ወረቀቱን ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

ችግር አለው። አዘጋጁ ይታገሡኝ፤ ዛሬ ብዙውን ሰዓት የምወስደው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሰው እንዲህ የተገዛ ጥናት አምጥቶልኝ ነበር፤ እዚሁ ጅማ ለሚተከል የከብት ማድለቢያ። ገልጬ ሳነብ «ፕሮጀክቱ ለሐዋሳ ሐይቅ ያለው ቅርበት» ይላል። እዚህ ጅማ ያለውን የቦዬን ረግረግ ሐይቅ ነው ብንለው እንኳ ሐዋሳ አይሆንም! ሻጩ የከተማውን ስም ሽፋኑ ላይ ለውጦ ውስጡን ረስቶታል። ሰውዬው ግን አላነበበውም። ቤቱን የሚያስይዝበትን ወረቀት አላነበበውም።

ያንተን አንብበኸዋል? አንብበኸው ከሆነ እነዚህን ፈልግ። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። 100 ኩንታል ካሰብህ 60,000 ኪሎ እሸት ልትገዛ ነው፤ ያውም አርሶ አደሩ በዱቤ አይሰጥህም። የዘንድሮውን የእሸት ዋጋ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ በ60,000 አባዛው። ያ ገንዘብ ጥናቱ ውስጥ አለ? ወይስ ብድሩ በማሽኑና በመጋዘኑ አልቋል? እሸት በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ገንዘብ እስኪመጣ አይጠብቅህም።

ቡና አንድ ዓመት ብዙ አፍርቶ በሚቀጥለው እንደሚያርፍ አያትህ ያውቃሉ። ጥናቱ ግን ለአምስት ዓመት ሙሉ ምርት ጽፎ ይሆናል። ማሽኑ የሚሠራው በለቀማ ወራት ብቻ ነው፤ ወለዱ በሰኔም በሐምሌም ይሠራል። የማሽኑ ዋጋ መቼ እንደተጻፈም እይ። የዶላር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በፊት የተሰላ የማሽን ዋጋ ዛሬ ተረት ነው። የመፈልፈያው እጣቢ ውኃ የት እንደሚሄድ ካልተጻፈ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ሊገባ ነው፤ ከታች ያለው መንደር ያንን ውኃ ይጠጣል።

አሁን ስለ እናትህ ቤት። በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ብድሩ ካልተከፈለው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። 30 ቀን! ለእናትህ ይህን ነግረሃቸዋል? ወይስ «ፈርሚልኝ» ብቻ ነው ያልኸው? ባንኩ ወረቀቱን ተቀበለ ማለት ሥራው ያዋጣል ማለት አይደለም። ባንኩ ቤቱን ይዟል፤ አንተ ወረቀቱን ይዘሃል።

«አይሆንም» ሊል የማይችል ጥናት ጥናት አይባልም። ያንን ወረቀት አስቀምጥና በራስህ እጅ ሦስት ጊዜ አስላ፦ እንዳሰብኸው ቢሆን፣ የቡና ዋጋ ከአምስት አንድ እጅ ቢወርድ፣ ምርቱ በግማሽ ቢቀንስ። በሦስተኛው ወለዱን መክፈል ካልቻልህ ቤቱን አታስይዝ። በየቁጥሩ ጎን ማን እንደነገረህ ጻፍ። የደላላ ስም ከበዛ ተወው። ከዚያ የወረዳህን የቡና ባለሙያ ይዘህ ቦታውንና ውኃውን አሳይ። ይህ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ከቆጪ፦ ገንዘቤ በስንት ዓመት ቢመለስ ጥሩ ነው?

የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከማለቁ በፊት።

ከፈረንጅ አራዳ፦ ከወንድሜ ጋር እኩል አዋጥተን ዳቦ ቤት ልንከፍት ነው። በወንድማማች መካከል ውል ያስፈልጋል?

በተለይ በወንድማማች መካከል ያስፈልጋል። አንዱ ሌሊት እየተነሣ ሲያቦካ ሌላው ረፋድ ላይ ሲመጣ «እኩል» የሚለው ቃል ይጣመማል። ማን ስንት አዋጣ፣ ማን በስንት ደመወዝ ይሠራል፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት ይገመታል፣ ሁሉም ይጻፍ። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርም ሳይቀር ፈቅዷል፤ ለሁለታችሁ የሚስማማውን ዓይነት ግን ጠበቃ ይንገራችሁ፣ እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። ሰኞ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

ለመሆኑ የዱቄቱን ዋጋ ማን ነገራችሁ?