ዐረብኛው ሰበብ አይሁንብን (በዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የተከበራችሁ ኡስታዞቻችን፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አልሐምዱሊላህ፣ የልጆቹ ቂርአት አልተቋረጠም። ቁርአን በቃል የመያዝ፣ የሒፍዝ ውድድሩም ደህና ነበር። መጻሕፍቱ መደርደሪያ አግኝተዋል። የቀረው በሪፖርቱ ስላለ አልደግመውም።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳን ሌላ ነገር ነው። ታውቁታላችሁ። ያለችን ገንዘብ የምትበቃው ለአንድ መምህር ብቻ ነው። ታዲያ ዐረብኛ የሚያስተምር ይሁን ወይስ በቋንቋችን ተፍሲር፣ የቁርአንን ማብራሪያ፣ የሚያቀራ? አንዱ ወገን «ዐረብኛ ያላወቀ ቁርአን አይገባውም» ይላል። ሌላው «ትርጉሙ እጃችን ላይ እያለ ምን አደከመን?» ይላል። ተኮራርፈን የተለያየንበት ማታም ነበር።

ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አላቸው። ሱረቱ ዩሱፍ ገና ስትጀምር ቁርአን በዐረብኛ የወረደው እንድትረዱት ነው ትላለች። ሱረቱ ኢብራሂም ደግሞ መልእክተኛ ሁሉ በሕዝቡ ቋንቋ የተላከው እንዲያብራራላቸው ነው ትላለች። ዑለማዎችም ተከራክረውበታል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በሰላት ውስጥ በፋርስኛ መቅራትን ፈቅደው ነበር። ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው ግን ይሄ ዐረብኛው ላቃተው ብቻ ነው አሉ። እሳቸውም በኋላ ከሐሳባቸው እንደተመለሱ ተዘግቧል። ስለዚህ ሰላት ላይ ጭቅጭቅ የለንም፤ የቁርአን መክፈቻ ሱራ ፋቲሓ በዐረብኛ ነው። መረዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኢማም ጦበሪ ተፍሲር በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ፋርስኛ ሲመለስ የፈቀዱት ራሳቸው ዑለማዎቹ ናቸው።

ዐረብ ሆኖ መወለድም ብቻውን አያዘልቅም። ታላቁ ኸሊፋ ዑመር እንኳ ሱረቱ ዐበሰን ሲቀሩ አንድ ቃል ላይ ቆመው «ይሄ ምንድን ነው?» ማለታቸው ይተረካል። የዐረብኛ ሰዋስው ትልቁ ሊቅ ሲበወይህ ደግሞ ፋርስ ነው። ተምሮ ነው የደረሰበት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለሚያስተምርና ፈትዋ፣ የሃይማኖት ብይን፣ ለሚሰጥ ዐረብኛ የግድ ነው። ሁለት ገጽ ትርጉም አንብቦ ሐላል ሐራም የሚል ልጅ ያስፈራኛል። የቀረነው ግን ዐረብኛ እስክንችል ድረስ ሳንረዳ አንቀመጥ። ዕድሜ አይጠብቀንም።

በተፍሲሩ ክፍል አንዲት እናታችን ነበሩ። ፋቲሓን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይቀራሉ። በፈርድ፣ በግዴታው ሰላት ብቻ በቀን 17 ጊዜ ማለት ነው። ኡስታዙ ሐዲሱል ቁድሲውን፣ ነቢዩ ከአላህ ያስተላለፉትን ንግግር፣ አነበቡላቸው፤ ባሪያው «አልሐምዱሊላሂ ረቢል ዓለሚን» ሲል አላህ «ባሪያዬ አመሰገነኝ» ይላል የሚለውን። እናታችን እጃቸውን አወጡ። «ይሄን ሁሉ ዘመን መልስ እየተሰጠኝ ነበር ማለት ነው?» አሉ። ኡስታዙ ለመቀጠል ተቸገሩ። እኚህን እናት መጀመሪያ ሰዋስው ይጨርሱ የሚል ካለ ይነሳና ይንገራቸው። ከፊት ነው የተቀመጡት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የዐረብኛው ክፍል ሲከፈት መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። የስም መቆጣጠሪያው ይኸው እጄ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ገጽ እስከ ታች ሞልቷል። ከረመዳን በኋላ ያለው ገጽ ላይ አራት ስም ብቻ ነው፣ አራቱም እህቶች። ስብሰባ ላይ «ዐረብኛ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ያሉት ወንድሞች አንዳቸውም የሉበትም። ዛሬም አልመጡም። የምታውቋቸው ደውላችሁ ንገሩልኝ፤ ተቀይሜያለሁ። የትርጉም ወገኖችም አትሳቁ! «ቀረጻው ይላክልን» ትላላችሁ፣ ይላክላችኋል፣ ማን እንዳዳመጠው አላህ ይወቅ። የኡስታዙ አበልም ለወራት የተከፈለው ከጥቂት ሰዎች ኪስ ነው። ይሄ ማኅበር የሦስት ሰው ነው እንዴ?

ሥራ አስፈጻሚው የሚያቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። አንድ መምህር ይቀጠር፣ ሁለቱንም ያስተምር። ከፋቲሓና ከቁርአን መጨረሻ ክፍል፣ ከጁዝ ዐመ አጫጭር ሱራዎች እንጀምር። መጀመሪያ ተፍሲሩን በቋንቋችን እንስማ፣ ቀጥሎ የዚያችኑ ሱራ ዐረብኛ እንማር። መሰላቸት ከመጣ ሱራዋ አጭር ናት፣ ታልቃለች።

ድምፅ የምንሰጠው ከዙህር በኋላ ነው። መዋጮ ያልከፈለ ድምፅ የለውም። ሕጉ ከደንባችን ነው፣ እኔ አላመጣሁትም። ገንዘብ ያዣችን በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ደረሰኝም ይዘዋል።