መሶቡ ሙሉ፣ ጎተራው ባዶ፦ ማታ ማታ እግራችን ለምን አላስተኛ ይለናል?

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰቦች!

ጋደም ትላላችሁ። መብራት ይጠፋል። ሸለብ ሊያደርጋችሁ ሲል እግራችሁ ይጀምራል። ሕመም ነው እንዳትሉ ሕመም አይደለም፤ ማሳከክ እንዳትሉ ማሳከክ አይደለም። ባታችሁ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላል። ትዘረጉታላችሁ፣ ታጥፉታላችሁ፣ አልሆን ሲል ተነስታችሁ ቤት ውስጥ ትንጎራደዳላችሁ። ያኔ ይተዋችኋል። ስትተኙ... እንደገና!

እረፍት የለሽ እግር ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 ጽፎታል፤ ስሙን ያወጣለት ግን ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦም ነው፣ በ1945። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መንስኤው፣ በተለይ ስለ አይረን (የብረት ማዕድን) እጥረት፣ ስናነሳ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትጽፉልኛላችሁ፦ «ደሜን ተመርምሬ ደም ማነስ የለብሽም ተብያለሁ፤ ስለዚህ የአይረን ችግር አይደለም።» እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የገጠር ቤት አስቡ። ጎተራ አለ፣ መሶብ አለ። እንግዳ የሚያየው መሶቡን ነው አይደል? ነሐሴ ላይ፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ ጎተራው ይጎድላል። እናት ግን መሶቡን ባዶ አታስቀምጥም። ጤፉን ከማሽላ ትደባልቃለች፣ የጎተራውን ሥር ትጠርጋለች፣ ራሷ ሳትበላ ታድራለች። መሶቡ ሙሉ ነው! እንግዳው በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ጎተራውን ያየው የለም።

መሶቡ ሄሞግሎቢን ነው፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ አይረን ያለበት ንጥረ ነገር። ጎተራው ፌሪቲን ነው፤ ሰውነት አይረን የሚያከማችበት። «ደም ማነስ የለብሽም» ሲባል የታየው መሶቡ ነው።

ደግሞ ሌላ አለ። አንጎል የራሱ ጓዳ አለው፣ የጓዳው በርም ጠባብ ነው። ጎተራው ሞልቶ ጓዳው የሚጎድልባቸው ሰዎች አሉ። ያን ተራ የደም ምርመራ አያሳይም።

እሺ፣ ሳይንሱን ቶሎ ቶሎ፦ አንጎል ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚሠራው ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ በሚባል ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይሙ ደግሞ ያለ አይረን አይሠራም። አይረን ሲጎድል የዶፓሚን ሥርዓት ይዛባል፤ እንቅስቃሴን የሚገራው እሱ ነው። ማታ ዶፓሚን ዝቅ ስለሚል ሕመሙም ማታ ይብሳል።

ዘርም አለበት፤ በ2007 ከሕመሙ ጋር የተያያዙ ጂኖች ተገኝተዋል። እናታችሁ «እግሬ እረፍት ነሳኝ» ትል ከነበረ አስታውሱ። እርግዝና፣ በተለይ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፣ ያመጣዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይሄዳል። የኩላሊት ድካምም ያመጣዋል። መድኃኒትም ያባብሰዋል፦ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች። በእኔ እምነት ሐኪም ቤት መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን እየወሰድሽ ነው?» የሚለው ነው። መድኃኒታችሁን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ!

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ቪዲዮውንም እንቅልፍ ላጣ ዘመድ ላኩለት።

ስትሄዱ «ፌሪቲኔ ስንት ነው?» በሉ። ላቦራቶሪው 30ን ኖርማል ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል፤ ለዚህ ሕመም ግን 75 ማይክሮግራም በሊትርና ከዚያ በታች ሲሆን አይረን መስጠት ይታሰባል። ሳትለኩ ክኒን አትዋጡ፤ አይረን ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ከታዘዘላችሁም ቡናና ሻይ አብራችሁ አትጠጡ፤ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ቡናው ይቆይ፣ ክኒኑ ይቅደም።