ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቀንሱ!

ሰላም፣ ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ከቴኳንዶ ውድድር በፊት ስላሉት የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ነው። ውድድሩ ደርሷል፣ ልብ ድው ድው ይላል፤ አብዛኛው ተወዳዳሪ ታዲያ ምን ያደርጋል? ይጨምራል! ጠዋት ሩጫ፣ ማታ ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ)፣ መሃል ላይ ፑሽአፕ። አትጨምሩ። ቀንሱ። ቆይ ላስረዳችሁ።

የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር አይታችኋል? ቆፋሪው ሥር ገብቶ ይቆፍራል፤ ባልዲ ይወርዳል፣ ባልዲ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት የምታገኙት ጭቃ ነው። ትንሽ ነው፣ ደፍርሷል። «ይሄማ ውሃ የለውም» ትላላችሁ። አለው! ቆፋሪው ይውጣና ሌሊቱ ይለፍ፤ ውሃው ከሥር ቀስ እያለ ይመነጫል፣ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ጠዋት ስትመጡ ኩልል ብሎ ይጠብቃችኋል። ልምምድ ማለት ቁፋሮው ነው። ጉድጓዱን ያጠልቀዋል፤ የሚሞላው ግን አካፋው ሲያርፍ ነው። ወራት ሙሉ ቆፍራችሁ፣ ዋዜማውን ደግሞ አካፋ ይዛችሁ ከገባችሁ፣ ሜዳ ላይ የምትቀዱት ጭቃ ነው።

ጨርሶ የተተወ ጉድጓድ ደግሞ ይደፈናል፤ ይቺን እንዳትረሱ። በየቀኑ አንድ ሁለት ባልዲ ይቀዳለት።

ወደ ሥራው ስናመጣው፦ መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ አውርዱ፣ ፍጥነቱንና ኃይሉን አትንኩ። አሥር ዙር ትሠሩ ከነበረ አምስት፤ አምስቱም በሙሉ ጉልበት። ቴኳንዶ የሁለት ደቂቃ ሦስት ዙር ነው፣ በመሃል አንድ ደቂቃ ዕረፍት። የፈጣን ምት ጉልበት ከፎስፎክሪያቲን፣ ማለትም ጡንቻ ውስጥ ከተቀመጠ የፈጣን ጉልበት ስንቅ፣ ይመጣል፣ በሴኮንዶች ያልቃል፣ መልሶ የሚሞላው በኦክስጅን ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ያለው ሰው ሦስተኛው ዙር ላይም ይመታል። በቃ፣ ዝርዝሩ ባለፈው ቪዲዮ አለ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ፦ «ሚዛን ለማምጣት ላስቲክ ልብስ ለብሼ ብሮጥ ስብ አይቀልጥም ወይ?» አይቀልጥም! ላብ ውሃ ነው። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቀነሰ ማለት ሁለት ሊትር ገደማ ውሃ ከሰውነታችሁ ወጣ ማለት ነው፤ ስትጠጡ ይመለሳል። እስኪመለስ ግን የደማችሁ መጠን አንሷል፣ ልባችሁ ለዚያው ሥራ አብዝቶ ይመታል። ላስቲኩ ደግሞ ላቡ እንዳይተን ስለሚያፍነው ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ይህን ስናገር ሆዴ ይባባል፦ በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች፣ ወጣት ልጆች፣ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ በአምስት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ላስቲክ ልብስና ሳውና ለዚህ ዓላማ በኮሌጅ ውድድር የተከለከሉት ከዚያ በኋላ ነው። አሠልጣኝ ከሆናችሁ እባካችሁ፣ ልጁ ሚዛኑን ማምጣት ካቃተው ከፍ ባለው የክብደት ምድብ አስመዝግቡት። ስብ የሚቀንሰው ወራት ቀድሞ ነው፣ በምግብና በልምምድ።

ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። በሚቀጥለው በውድድሩ ጠዋት እንዴት እንደምናሟሙቅ አሳያችኋለሁ።

ዋዜማው ላይ እንግዲህ፦ ሃያ ደቂቃ ያህል ሰውነታችሁን አሟሙቁ፣ ፓድ (የመምቻ ትራስ) ላይ ጥቂት ፈጣን ምቶች፣ ከዚያ አቁሙ። የጥርስ መከላከያውንና ቀበቶውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፣ ውሃችሁን ጠጡና በጊዜ ተኙ።